የተማረ ይግደለኝ፤ መቼ የተማረ?

ቡሹሎን የሚያውቃት ያውቃታል። ከሐዋሳ መሀል ከተማ ወጣ ብላ ሐይቁን ተጠግታ የተቀመጠች፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው በካቶሊክ ሚሲዮን ጤና ጣቢያዋ የሚለያት ሰፈር ናት። ማስተማሩን ትቼ እዚያ ቤት የተከራየሁት ጸጥታ ፍለጋ ነበር። ግን ሰው ባለበት ነገር አለ፤ ነገር ባለበት ደግሞ ጠበቃ አይጠፋም።

ዛሬ ስለ ጠበቃ ላወራችሁ ነው። የጠበቃ ነገር ሲነሳ ጆሯችን የሚቀሰረው ለሐሜት ነው፤ «ከሁለቱም ወገን በላ»፣ «ቀጠሮ እያራዘመ ጨረሰን» ምናምን። የኔው ሰው ግን እንዲያ አይደሉም። ሰፈሩ በሙሉ የሚያከብራቸው፣ ከድሃ ገንዘብ የማይቀበሉ ቅን ሰው ናቸው። እኚህ ቅን ሰው የጎረቤቴን ሕፃን የአንድ ወር የእናት ጡት አሳጡት። እንዴት ሆኖ? ልንገራችሁ።

ጎረቤቴ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ናት። የድርጅቱ ስም ይቆየን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድ ልጅ ተገላገለች። አሠሪዎቿ «ከወለድሽ ስልሳ ቀን ሲሞላሽ ትመለሻለሽ» አሏት። እሷ ደግሞ «አሁን እኮ ሦስት ወር ሆኗል» የሚል ወሬ ጆሮዋ ገብቷል። ወሬ ወሬ ነው፤ በወሬ ከአሠሪ ጋር አይጣሉም። ስለዚህ ሕፃኑን ታቅፋ ጋሼ ዘንድ ሄደች። ሰፈሩ ጠበቃውን የሚጠራው «ጋሼ» እያለ ነው፤ እኔም እንደዚያው ልበል። ጋሼ መሳቢያቸውን ከፍተው፣ አዋጁን አውጥተው፣ ጣታቸውን አንቀጹ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ሕጉ ስልሳ ቀን ነው የሚለው። ነገር አትፈልጊ፤ እንጀራሽን ያዢ» አሏት። አንድ ብርም አልተቀበሏትም።

የተማረ ሰው ነው የነገራት። አመነች። በስልሳ አንደኛው ቀን ሕፃኑን ለእናቷ ትታ ሥራ ገባች። ቀን ቀን ጡቷ ሸሚዟን እያራሰ ትውላለች፤ ማታ ስትመለስ ሕፃኑ አልቅሶ ደክሞት ተኝቶ ታገኘዋለች። ይህን የነገረችኝ እናቷ ናት።

እውነቱን የሰማነው ዘግይቶ ነው። ግቢያችን ውስጥ የተከራየ አንድ የሕግ ተማሪ ወሬው ደርሶት፣ «እንዴ መምህር! እሱ አዋጅ ከተሻረ እኮ ቆየ!» አለኝ። ልክ ነበር። በጋሼ መሳቢያ ውስጥ ያለው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው፤ ለወላድ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ያን ሽሮ 90 ቀን አድርጎታል፤ ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን ሲጨመር 120 ቀን፣ ከነደመወዙ። የሚገርመው የአንቀጹ ቁጥር እንኳ አልተለወጠም። ያኔም 88፣ አሁንም 88 ነው። የቤቱ ቁጥር ያው ሆኖ ነዋሪው ሌላ ሰው ነው።

አገራችን «የተማረ ይግደለኝ» ትላለች። የተማረ ቢያጠፋ እንኳ አውቆ ነው፣ ደግሞም ያክማል፣ ማለቷ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ተረት በተተረተ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። እሺ፣ የተማረ ይግደለኝ። ግን መቼ የተማረ?

ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ ታሪኩ ረጅም ነው። እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል።

ድሮ ሕግ በጆሮ የሚገባ ነገር ነበር። አዋጅ ሲወጣ በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል። አዋጅ ነጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። ሙግቱም ቢሆን አደባባይ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ይቆማሉ፤ በተጠየቅ ይፋጠጣሉ፤ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል፤ እረኛው ሳይቀር ቤቱ ሲገባ ለእኩዮቹ ይደግመዋል። የዚያ ዘመን ጠበቃ ትምህርት ቤቱ ይኸው ነበር። ዲፕሎማ የሰጠው የለም፤ ትምህርቱ ግን አያልቅም። በየችሎቱ በዋለ ቁጥር አዲስ ክርክር፣ አዲስ ፍርድ ይሰማል። ከችሎት የጠፋ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይረታል። ፍትሐ ነገሥትን ይተረጉሙ የነበሩት ሊቃውንትም እንዲሁ ናቸው። «ተምሬ ጨርሻለሁ» የሚል የመጻሕፍት መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ የምኖርበት የሲዳማ ምድርም የራሱ ሸንጎ አለው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ «አፊኒ?» ተባብለው ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት። «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። የሚፈለገው ደግሞ «ሀላሌ» ነው፤ እውነቱ። ልብ በሉ፤ ከመፍረድ በፊት የሚቀድመው መስማት ነው።

ከዚያ ወረቀት መጣ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ አፈ ንጉሥ ነሲቡ ያዙት። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ስሙን እዩልኝ። ከበሮው ቀርቶ ስሙ ተረፈ። እርግጥ ወረቀት ትልቅ ነገር ነው፤ አይረሳም፣ አያዛባም። ግን ወረቀት አይጮህም። ነጋሪት ሲጎሰም ያልፈለገም ሰው ይሰማል። ጋዜጣ የሚናገረው ፈልጎ ላገኘው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሕግ ዶፍ ወረደ። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔር፣ የንግድና የባሕር ሕጎች በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫው ሥነ ሥርዓት በ1954፣ የፍትሐ ብሔሩ ሥነ ሥርዓት በ1958። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ስድስት ትልልቅ ሕጎች! የፍትሐ ብሔሩ ብቻ 3,367 አንቀጽ አለው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የፍትሐ ብሔሩን፣ ስዊሳዊው ዣን ግራቨን የወንጀሉን አርቅቀው የሄዱት እነሱ ናቸው፤ ይዞት የሚሟገተው ግን በተጠየቅ ያደገው ያገሬ ሰው ነው። አስቡት፤ ሀያ ዓመት የተሟገተ ጠበቃ አንድ ማለዳ ሲነሳ ከአዲስ ጀማሪ እኩል ሆነ።

ያኔ ምን ተደረገ? ማታ ማታ መማር ተጀመረ። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት (የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጀምስ ፖል ነበሩ) ቀን ለወጣቶቹ፣ ማታ ደግሞ ሥራ ላይ ላሉት ሰዎች በሩን ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ የፋኩልቲው የሕግ መጽሔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፍርዶችን ማተም ያዘ። እንግዲህ «ተከታታይ የሕግ ትምህርት» የሚባለውን ነገር ዛሬ ከፈረንጅ እንደተዋስነው አድርገን ስናወራ፣ ሽበት ያበቀሉ ሰዎች ቀን ዳኝተው ማታ ደብተር ይዘው አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ይመላለሱ የነበረበትን ዘመን ረስተነው ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የካቲት ላይ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ትናንት ስለ ርስትና ስለ መሬት ሽያጭ ይከራከር የነበረ ጠበቃ የሚከራከርበት መሬት ራሱ ከእግሩ ሥር ተነሳ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ መጣና ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ማውጣት ጀመሩ። በ1992 አዲስ የቤተሰብ ሕግ፣ በ1996 አዲስ የወንጀል ሕግ ወጣ። የ2013ቱ ዓመት ብቻ አዲስ የንግድ ሕግ፣ አዲስ የግልግል ዳኝነት አዋጅ፣ አዲስ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ይዞ ነው የመጣው። እዚህ ሐዋሳ ደግሞ ሌላ ጨምሩበት፤ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ የደቡብ ክልልን ሕግ ይዘው ያረጁ ጠበቆች እንደገና በአዲስ ምክር ቤት አዋጅ ሥር ገቡ።

ይህም አልበቃ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚኖረው በነጋሪት ጋዜጣ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራሉንም የክልሉንም ፍርድ ቤት እንዲያስገድድ አደረገ። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ዛሬ ከ20 ቅጽ አልፈዋል።

አንዱን ብቻ ልጥቀስ። በ2000 ዓ.ም. የተወሰነ፣ መዝገብ ቁጥር 23632፣ ከዚሁ ከቀድሞው ደቡብ ክልል የመጣ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አባት «ልጄን ስጡኝ» አለ፤ ያሳደገችው አክስት «አልሰጥም» አለች። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የሕፃኑ ጥቅም ነው ብሎ፣ ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ፣ ፍርዱን ገለበጠው። አሁን እዩት። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለች አክስት አንዱ ጠበቃ ዘንድ ሄደች እንበል። ውሳኔውን ያነበበ ከሆነ ተስፋ ይሰጣታል። ያላነበበ ከሆነ «አባት አባት ነው፤ ልጁን አስረክቢ» ብሎ ይሸኛታል። ልጁ የት ያድጋል የሚለው ነገር በአንድ ሰው የንባብ ልማድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

አዲሱን አዋጅ በወረቀት አሳትሜ ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አንቀጽ 88ን አነበቡ። ደገሙት። የድሮውን ከመሳቢያ አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡት። ጠርዙ በእጅ ብዛት የተላላጠ፣ በቀይ እስክሪፕቶ የተሰመረበት ነው። ሰነፍ ሰው እንዲህ አያደርግም። የያዙትን ሕግ ጠንቅቀው ነው የሚያውቁት፤ የሚያውቁት ሕግ ነው የሞተው። ብዙ ዝም ብለው ቆይተው፣

«መምህር፣ ማን ነገረኝ?» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ መጠየቅ ነው ያሉት። «ዲፕሎማዬን በማታ ተምሬ ያገኘሁት በደርግ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ፈቃዴን ለማደስ ስሄድ ክፈል እባላለሁ፣ እከፍላለሁ። ዘንድሮ ምን አነበብክ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

«እንዴ ጋሼ፣ ማንበብ እኮ የእርስዎ ፈንታ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ለምን መሰላችሁ? የራሴ ቢጫ ማስታወሻ ትዝ አለኝ። አንድ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ በመጀመሪያው ዓመት ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ ይዤ አሥራ አንድ ዓመት ዘልቄያለሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆነ፣ ቀልዶቹ እንኳ አልተቀየሩም። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ስለ አንድ አዲስ ልብ ወለድ ጠየቀችኝ። አላነበብኩትም። «በሚቀጥለው ሳምንት እንወያይበታለን» አልኳት። ያ ሳምንት አልመጣም። በኔ ስንፍና ግን ማንም አልሞተ። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ልጅቱ ከፈለገች ታነበዋለች። የጠበቃ ቢጫ ማስታወሻ ግን ሌላ ነው። የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ነፃነት አለበት። ባለጉዳዩ ደግሞ የጠበቃውን ወረቀት ቢጫነት የሚያይበት ዓይን የለውም። ሕግ አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ተብሎ ተፈርዶበት ስለሚያውቅ፣ ያውቅልኛል ያለውን ሰው ነው ከፍሎ የቀጠረው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የጋሼም ነው፤ ራሳቸውም አልካዱም። ግን የጋሼ ብቻ ቢሆን እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

የጥብቅናውን ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ነገር አስገርሞኛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት እንዲሰጥ ያዝዛል። ድንቅ ነው! ለድሃው 50 ሰዓት ተቆጠረለት። ጠበቃው ለራሱ የሚማርበት ሰዓት ግን አልተቆጠረም። እንዲህ ሲሆን ድሃው የሚያገኘው በነፃ የሚሰጥ አሮጌ ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቴ ያገኘችውም ይኸንኑ ነው። መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የፍትሕ አካላት ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ሲያቋቁምም በዋናነት ያሰበው ለዳኞችና ለዐቃብያነ ሕግ ነበር። ዳኛው ይሠለጥናል፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ይሠለጥናል። በሦስተኛው ወንበር ላይ፣ ከተከሳሹ አጠገብ የተቀመጠው ሰው «እንደ ፍጥርጥርህ» ተባለ።

በ2013 ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቋመ፤ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ተከታታይ የሕግ ሥልጠና መውሰድንም ግዴታ አደረገ። ለዚህ ማመስገን ይገባል፤ አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታና አይዋ የተባሉት ክፍለ ሀገሮች ይህንኑ ያስገደዱት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ጎረቤታችን ኬንያም ጠበቃዋን በየዓመቱ የሥልጠና ነጥብ ትቆጥርበታለች። ዘግይተን ደረስን፤ ይሁን፣ ደረስን።

ግን አዋጁ «ፌዴራል» መሆኑን አትርሱ። የክልል ፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ የሚሠራው ጠበቃ የሚተዳደረው በክልሉ ሕግ ነው። እንደ ጋሼ ያለው ሰው ከባጃጅ ወርዶ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚገባ፣ የሚኖረውም የሚሟገተውም እዚሁ የሆነ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የሚሰጥ ሥልጠና እሱ ዘንድ የሚደርሰው በምን እግሩ ነው?

ሌላም ፍርሃት አለኝ። ሥልጠና በኛ አገር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ጠዋት ፊርማ፣ ረፋድ ላይ ሻይና ብስኩት፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ፣ ማታ አበል። «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» ሲባል «አበሉ አነሰ» ብሎ የመለሰልኝን ሰው አውቃለሁ። ሰዓት መቁጠር ቀላል ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ የገባውን መቁጠር ነው ከባዱ። ስለዚህ ግዴታው ፊርማ ማሰባሰቢያ ከሆነ ጋሼ ከነ377/1996ታቸው ቢቀመጡ ይሻላቸዋል፤ ቢያንስ የባጃጅ ብር ይተርፋቸዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ከቡሹሎው ጤና ጣቢያ መማር ይቻላል። የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱን እንዲያሳይ ይጠየቃል። መድኃኒት ሲቀየር «አልሰማሁም» የሚል ነርስ አንፈልግማ! የሕግም ነገር ያው ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ መምህራኑ አሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚውል ክፍልም አይጠፋም። የክልሉ ፍርድ ቤት አዳራሽ አለው። በወር አንዴ «በዚህ ወር ምን ተሻረ? ምን ወጣ? ሰበር ምን አለ?» የሚል የሁለት ሰዓት ጉባኤ ማድረግ ብስኩት እንኳ አይጠይቅም። በአማርኛም በሲዳምኛም ይሁን። ሥልጠናውን የተከታተለ ሰው ፈቃዱ ሲታደስ ይታይለት፤ ያልተከታተለ ደግሞ ይጠየቅ። ትልቅ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር የለውም። የሚፈልገው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የምትለዋን የድሮ ቃል እንደገና እንደ ግዴታ መቁጠር ብቻ ነው።

ጋሼ የዚያኑ ዕለት አሮጌው አዋጅ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ «ተሽሯል» ብለው ጻፉበት። ጎረቤቴን አስጠርተው፣ ሽበታቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ አሳስቼሻለሁ» አሏት። እሷም «ኧረ ጋሼ፣ ምንም አይደል፤ ልጁም ድክ ድክ ማለት ጀምሯል» አለች። ትክክል ናት፤ ጀምሯል። ያ ወር ግን አይመለስም፤ እሷም ታውቀዋለች፣ እሳቸውም ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ ያ የሕግ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ዘንድ እየሄደ አዳዲስ አዋጆች ያነብላቸው ጀመር። እሳቸው ደግሞ ችሎት እንዴት እንደሚቆም ያስተምሩታል። ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ ሳይ፣ ከአዳራሹ ሥልጠና ሁሉ ይህ ይበልጣል እል ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆየ። ከዚያ ልጁ ተመርቆ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘና ሄደ።

ባለፈው ሳምንት በደጃቸው ሳልፍ ጋሼ በረንዳው ላይ ነበሩ። አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። መሳቢያቸውን ከፍተው የሆነ አዋጅ አወጡ። እኔም ቆም ብዬ፣ በሲዳማ ሽማግሌዎች ቃል ልጠይቃቸው ዳዳኝ፤

አፊኒ?